ተራውን የጠበቀ ሣር

አባቴ በጎቹን እንደ ሌላው ሰው ሜዳ ላይ በትኖ አያሰማራም ነበር። ገበሬ ማህበሩ ከሽንፋ ወንዝ ዳር የሰጠውን መሬት ሰባት ቦታ ሸንሽኖ፣ አንዱን ቁራጭ ብቻ በእሾህ ያጥርና ሠላሳ ሁለቱን በጎች እዚያ ውስጥ ያስገባቸዋል። አራት ቀን ይግጣሉ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደሚቀጥለው ቁራጭ የሚያሳልፈውን ጎን ይከፍትላቸዋል፤ እነሱ እየተጋፉ ሲገቡ እኛ ከኋላ የአሮጌውን አጥር ጨፈቃ በባላ እየጎተትን አዲሱን ቦታ እናጥራለን። የተጋጠው ቁራጭ ሃያ አራት ቀን ያርፋል። ዞረን ስንመለስ ሣሩ አድጎ ይጠብቀናል፤ ክረምቱ በወጣበት ሰሞንማ የቆላ ሣር ነውና እኔን ውጦ ያስቀረኝ ነበር።

ጎረቤት ይስቅበታል። «ዋሴ ለሣር እረፍት ይሰጣል፤ ለእኛስ ማን ይስጠን» ይሉታል። አባቴ አይቆጣም። ከጭልጋ ወርዶ ቆላ ሲገባ መጀመሪያ ያደረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ አንድ የበግ ነጋዴ ቤት ነው፤ ሙያውን የተማረውም እዚያ ነው። አጥሩን ራሱ እንደዚያ አገር ሰው «ዘሪባ» ነበር የሚለው። የሚስቁበት ሰዎች በጎች በግንቦት አጥንታቸው ሲቆጠር የእሱ በጎች ላታቸውን መሸከም ያቅታቸው ነበርና፣ ሳቁ ብዙም አልቆየም።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ያለ እሱ ቃል አጥሩን ማንም አይነካም። እኔ ስድስት ዓመቴ ሳለ ወንድሜ እንግዳው ጤዛ ሳይረግፍ በጎቹን እርጥብ ሣር ላይ ለቋቸው አምስት ግልገል ሆዳቸው ተነፍቶ በአንድ ጠዋት አለቁ። አባቴ አልመታውም። ግልገሎቹን አንድ በአንድ ራሱ ቀበረና ማታ ሁላችንንም አስቀምጦ፣ ከእንግዲህ እኔ ሳልናገር አንዲት እሾህ ብትነሣ በዚህ ቤት እንጀራ አልበላም አለ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሀብትነሽ እንኳ ነጠላዋ እሾህ ላይ ሲያዝባት አባቴን ጠርታ ነበር የምታስለቅቀው።

ለእኔ ግን ሹመት ሰጥቶኛል። ጣሳ ውስጥ በየቀኑ አንድ ጠጠር እየጣልኩ፣ አራት ሲሞላ «አባየ፣ ነገ ነው» የምለው እኔ ነኝ። እሱ ቀኑን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ እንደማያውቅ ሆኖ «ውይ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ይለኛል። አመንኩት። በስምንት ዓመቴ ይህ ሁሉ በግ በእኔ ጠጠር የሚተዳደር ነበር የሚመስለኝ።

ይህን የምናገረው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ስለሆነው ነገር ነው። መስከረም ላይ ከአውራጃ ትእዛዝ መጣና ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና አሥራ አራት ወጣት እንዲያቀርብ ተጠየቀ። እንግዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ መደቡ ባዶ ነው። እናቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ገዳሪፍ ሄዷል አለችኝ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ ለሊቀመንበሩ ለአቶ ደሞዝም መንገድ ላይ አግኝቶ ሲጠይቀኝ፣ ክፉ ወንድም ነው፣ ጥሎን ገዳሪፍ ሄደ ብዬ ነገርኩት። ደሞዝ ራሴን ዳሰሰኝ።

ገዳሪፍ አልሄደም። ሣሩ ውስጥ ነበር።

አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም። ሲታጨድ የሚገላለጥ ማሳ አይደለም፤ ጫካም አይደለም፣ ጫካውንማ ሚሊሺያው በየሳምንቱ ይፈትሸው ነበር። የአባቴን ሣር ግን ማንም አይረግጠውም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሣር እንደሆነ አገር ሁሉ ያውቃል። እንግዳው ሁልጊዜ ከበጎቹ አንድ ቁራጭ ይቀድም ነበር። እኔ «ነገ ነው» ባልኩ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እሱ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ይሻገራል፤ በጎቹ እሱ የተኛበትን ይረግጡና ዱካውን ያጠፉለታል። እንግዲህ ጠጠሬ የሚያስተዳድረው በግ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።

የምነግራችሁ እኔ ያየሁትን ነው። እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቋጥራ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ለማን ነው ስላት፣ ሰሊጡን ለሚያጭደው ሳሉግ ነው አለችኝ። ሳሉግ የምንለው ከደጋ ለጉልበት ሥራ የሚወርደውን ሰው ነው፤ በየዓመቱ ይመጣሉና አልገረመኝም። የገረመኝ ማር መውሰዷ ነው። ለእኔ በጣት የምታስልሰኝን ማር ለማላውቀው ሰውዬ በጣሳ ትወስድለታለች። ያንን ሳሉግ ሳላየው ጠላሁት። አንድ ቀን ትኩስ ወተት ሸፍና ስትወጣ ከፊቷ ቆሜ፣ ያ ሰውዬ የራሱ እናት የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እናቴ ወተቱን መሬት አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተቆጣች መስሎኝ ሸሸሁ።

ጥቅምት እንደገባ ኢሳ መጣ። ኢሳ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ነው፤ በግ ይገዛናል፣ ጨውና ጨርቅ ያመጣልናል፣ አባቴን ከገዳሪፍ ጀምሮ ያውቀዋል። በግራሩ ጥላ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እኔ ጠጠሬን እያንኳኳሁ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እሁድ ግመሎቹ ይሻገራሉ» አለ ኢሳ። «ጠቦቱን አብሬ እወስደዋለሁ። ግን በእግሩ መቆም አለበት፤ የሚሸከመው የለም።»

«ትኩሳቱ አልለቀቀውም» አለ አባቴ። «ትናንት ከቦታው ፈቅ ማለት አቅቶታል።»

«ወባ ነው። ሀብትነሽ ከእኔ ጋር ትምጣ፤ ሚስቴ ሐሚዳ መድኃኒት ታገኝላታለች። አርብ ውላ ቅዳሜ ትመለሳለች።»

እኔ ተነሥቼ ወደ ዘሪባው ሮጥኩ። ሠላሳ ሁለቱንም በጎች አንድ በአንድ ጆሯቸውን ይዤ ዳሰስኩ። ትኩሳት ያለበት ጠቦት አጣሁ። ተመልሼ ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ ስነግራቸው ኢሳ አባቴን አየው፤ አባቴም «ጎበዝ፣ አይናዲስ» አለኝና መልሶ ወደ መሬት አቀረቀረ። ያን ቀን ስለ በግ ከሁለቱም የበለጠ የማውቅ እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

እናቴ ቅቤ ልሸጥ ነው ብላ ሐሙስ ከኢሳ ጋር ሄደች። በጎቹ ያኔ አምስተኛው ቁራጭ ላይ ነበሩ። ከመሄዷ አንድ ቀን በፊት አራተኛዋን ጠጠር ጥዬ «አባየ፣ ነገ ነው» ብየዋለሁ። «ቆይ» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ደግሜ ነገርኩት፤ «ቆይ አልኩሽ እኮ» አለኝ። አባቴ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። አርብ ጠዋት ጣሳዬ ውስጥ ስድስት ጠጠር ሲሆን በጎቹ አፈር ይልሱ ጀመር፤ ከአጥሩ ማዶ ስድስተኛው ቁራጭ ሣሩ ዘለላ አውጥቶ ይወዛወዛል፣ እነሱ አንገታቸውን በእሾሁ መሀል እያሾለኩ ይጮኻሉ። ጩኸታቸው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

እንግዶቹ የመጡት ያን ዕለት ነው። የእርሻ ባለሙያ የሆነ አንድ ወጣትና ካኪ የለበሰ ካድሬ በላንድሮቨር ከአውራጃ መጡ፤ ደሞዝ ከፊት ተቀምጧል። የአባቴ በግ አያያዝ ወሬው አውራጃ ደርሶ፣ አርአያ ገበሬ ሊያደርጉት ሊያዩት ነው። የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። አባቴ ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ። ያልተዘጋጀ ሰው ኀፍረት ነው ብዬ አሰብኩ።

ባለሙያው ደብተሩን ይዞ ዘሪባውን ዞረው። ልጅ ቢጤ ነው፤ ግን ዓይኑ ሥራውን ያውቃል።

«አራት አራት ቀን ነው አላላችሁም?» አለ። «እነዚህ እኮ የሚግጡት የላቸውም። ያኛው ሣር ደግሞ እየጠነከረ ነው። ለምን አልተሻገሩም?»

«እባብ አለበት» አለ አባቴ። «ትልቅ እባብ። ትናንት አንዷን በግ ነድፎ ገደለብኝ።»

ደሞዝ ሳቀ። ዋሴ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እባብ የሚፈራ አለ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ደነገጥኩ። በጎቹ ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ የሞተ የለም። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደዋሸም ወዲያው የገባኝ መሰለኝ፤ ቀኑን አሳልፏል፣ ሰነፍ እንዳይሉት ፈርቷል። ባለሙያው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ እነዚህ እዚህ ከገቡ ስንት ቀናቸው ነው አለኝ። አባቴን አየሁት። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ስድስት አልኩ።

ባለሙያው ደብተሩን ዘጋ። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ክትትሉ ግን ይጎድለዋል፣ ለአርአያነት አይበቃም ብሎ በትሕትና ነገረው። አባቴ እሺ፣ እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ደሞዝ እንግዶቹን ወደ መኪናው መራቸው። ሊሄዱ ነበር። ይህን ደጋግሜ ነው የማስበው፤ በር ከፍተው ሊገቡ ነበር፣ አባቴም ተዋርዶ ድኖ ነበር።

እኔ ያየሁት ውርደቱን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚቀናበት አባቴ ጎንበስ ብሎ ከአንድ ልጅ ወቀሳ ሲቀበል አየሁ። ባላውን አነሣሁ። እሾሁን ከታች አስገብቼ እንዳስተማረኝ ወደ ጎን ጎተትኩት፤ ከበደኝ፣ ክንዴን ቧጠጠኝ፣ ግን ተከፈተ። በጎቹ ጥሰውኝ ገቡ።

«አባየ፣ እባብ የለም» ብዬ ጮኽኩ። «ይኸው ገብተዋል፣ እባብ የለም።»

ሦስቱም ዞሩ። በጎቹ ሣሩን እየጣሱ መሀል ሲደርሱ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ የሆነ ነገር እየሸሹ ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ካድሬው ይህን አይቶ ወደ አጥሩ መራመድ ጀመረ። አባቴ «ተዉ፣ ጓድ፣ ይነድፍዎታል» አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ያኔ እንግዳው ከሣሩ መሀል ተነሣ። ጋቢ ተከናንቧል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ ቆሞ ይወዛወዛል። እኔ ሳቅሁ። እጄን እያጨበጨብኩ ሳቅሁ። ከገዳሪፍ ተመልሶ ሊያስደነግጠኝ ተደብቆ የጠበቀኝ ነበር የመሰለኝ። እሱ አየኝ፤ አባታችንን አየው፤ ካድሬውን አየ። ከዚያ በዚያ በነጣ ከንፈሩ ፈገግ አለልኝ።

«መጣሁ፣ አይናዲስ» አለ። «ከገዳሪፍ አሁን መግባቴ ነው።»

ይህን ያለው ለእኔ ሲል ነው። ለዓመታት እውነት ነው ብዬ ስኖር፣ ወንድሜ በመጨረሻ ጊዜው የዋሸው ለእኔ እንደሆነ አላወቅሁም። በጎቹን በእጁ እየገፋ ወጥቶ፣ ራሴን ስሞኝ ሄደ። ሰውነቱ ይፋጅ ነበር። ላንድሮቨሩ ላይ ራሱ ወጣ፤ ማንም አልጎተተውም።

ከዚያ ደሞዝና አባቴ ወደ ግራሩ ሄደው ተነጋገሩ። የሰማሁት ግማሹን ነው። ደሞዝ፣ ደብቀህ ተገኘህ ከተባለ አንተም እኔም አንተርፍም፣ መሬቱም ቤቱም ይሄዳል አለው። አሳልፈህ እንደሰጠኸው ይጻፍ፣ ካድሬውን እኔ አሳምነዋለሁ አለው። አባቴ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ።

እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ወሬው መንገድ ላይ ደርሷታል። ወደ ቤት አልገባችም፤ ደጅ ላይ ቆማ ማነው አጥሩን የከፈተው አለች። እኔ እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ ክፈቺ ያልኳት» አለ።

ተናደድኩ። ከልቤ ተናደድኩ። በጎቹን ከረሀብ ያወጣሁ እኔ፣ ወንድሜን ያገኘሁ እኔ፣ አሁን ምስጋናውን አባቴ ነጠቀኝ አልኩ። ለእናቴ ልናገር ስል ትከሻዬን ያዘና እስኪያመኝ ጨበጠኝ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ አየቻቸው። ከዚያ አባቴን አየችው። ሌላ ቃል አልተናገረችውም።

ሌላ ቃል አልተናገረችውም ስል ለዚያ ቀን ማለቴ አይደለም። አባቴ እስከሞተበት እስከ ሁለት ሺህ አምስት ድረስ ነው። መኝታዋን ማድ ቤት አደረገች። «አባትሽን ብላ በይው»፣ «አባትሽን ልብሱን ያምጣ በይው» ትለኛለች፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። ከሁለት ወር በኋላ ደሞዝ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ልጁን ለእናት አገሩ በፈቃዱ ያበረከተ አርአያ ገበሬ ይላል። ማኅተም አለው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላት፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ ፊደል መለየቴን ለማሳየት። አባቴ በዚያው ሰሞን በጎቹን አንድ ሳያስቀር ለኢሳ ሸጠ።

ከእንግዳው አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ መጣ፤ ሌላ አልመጣም። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን በሱዳን የዞሩት ወታደሮች በጋላባት በኩል ሲገቡ እናቴ መተማ ዮሐንስ ሐሚዳ ቤት ተቀምጣ ሁለት ወር ሙሉ ድልድዩ አጠገብ የሰው ፊት ስታይ ዋለች። የእሱን አላገኘችም። ተመልሳ ስትመጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ በአጠገቡ አልፋ ገባች።

እኔ ነገሩ የገባኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሌላ ሰው አልነገረኝም፤ አንድ ቀን ስለ ሳሉጉ ሳስብ፣ ማሩን ሳስብ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ ጋ ሄጄ አለቀስኩ፤ ለእናቴ ልነግራት ነው አልኩት። አባቴ ያኔ ሰሊጥ ያሥር ነበር። ሥራውን አላቆመም።

«እናትሽ የቀረሻት አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። «አንቺን ከጠላች ምን ይቀራታል? እኔን ትጥላኝ። እኔ እችለዋለሁ።»

እሺ አልኩ። ደግነት አይምሰላችሁ፤ ፈርቼ ነው። አባቴ መቻል የማይገባውን ሲችል እያየሁ፣ ጎንደር ገብቼ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ ወልጄ ዝም አልኩ። ሲታመም እንኳ እናቴ ውኃ በእኔ እጅ ነበር የምታቀብለው። ሲሞት እሷ ማድ ቤት ነበረች። ለቀስተኛ እንግዳ ሲመጣ፣ እኔ ለቅሶዬን ከጨረስኩ ቆየሁ ትል ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ሰሊጥ ስትነፋ ከፊቷ ቁጭ አልኩ።

«እማየ፣ አጥሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«መክፈቱንማ አንቺ ከፈትሽ» አለች።

«አባየ አላዘዘኝም። በአፉም አላለኝ፣ በዓይኑም አልጠቀሰኝ። ሊሄዱ ነበር፤ እኔ ከራሴ ተነሥቼ ነው የከፈትኩት። እሱ እንዲያ ያለሽ እኔን እንዳትጠዪኝ ብሎ ነው።»

ወንፊቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ላይ ቁጣ ፈለግሁ። ትምታኝ፣ ትርገመኝ፣ ውጪ ትበለኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። ቁጣ አልነበረም። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችው፤ ልክ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው።

«የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ» አለች። «ያለ እሱ ቃል አንዲት እሾህ የሚነካ በዚህ ቤት አልነበረም፤ እኔ እንኳ አልነካም። አንቺ ከየት አምጥተሽ ትከፍቻለሽ? ለሙት ብለሽ በራስሽ ላይ አትመስክሪ፣ ልጄ። አባትሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ። እኔም እወደው ነበር።»

ማልኩላት። የእንግዳውን ስም ጠርቼ ማልኩላት። እሷ ወንፊቷን አነሣች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነግሬያታለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ስሟን የማላውቃት አንዲት ጎረቤት ተቀምጣ ነበር። እናቴ እኔን ጨርሳ ሰማችኝና፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «አየሽልኝ፤ ሞቶም አልበቃው፣ የቀረችኝን ልጅ ደግሞ እንዲህ አስዋሽቶብኝ ሄደ» አለቻት።